ለማዳም የተላኩ ሽማግሌዎች

ኤሌኒ ከኩዌት የተመለሰች ዕለት የሰፈሩ ሰው ሻንጣዋ ሳይከፈት ወደየቤቱ ሊሄድ አልፈለገም። ዓመታት ሙሉ ሰው ቤት ሠርታ የመጣች ልጅ ባዶ እጇን አትመጣም ብሎ ነው። የእናቷ የአሰፋሽ ልብም እንደዚያው ነበር። አሰፋሽ ደብረ ታቦር ገበያ ውስጥ ጀሪካንና ባልዲ የምትሸጥ፣ ምላሷ የሚፈራ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለማንም አንገቷን ደፍታ የማታውቅ ሴት ናት። ጎረቤቷ ጥሩወርቅ ልጇ ከቤሩት ያመጣችላትን ትልቅ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ድምፁን እስከ መንገድ ስታሰማ ከርማለች። አሰፋሽ ለዚያ መልስ የሚሆን ነገር ከሻንጣው እስኪወጣ ቸኩላለች።

ከሻንጣው የወጡት ክዳናቸው በመርፌ የተበሳሳ ሦስት የፕላስቲክ ዕቃዎች ነበሩ። ኤሌኒ ከልብሶቿ መካከል አንድ በአንድ ቀስ ብላ አወጣቻቸውና ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠቻቸው። ፊቷ በራ።

"ተመስገን! ሁሉም ደኅና ናቸው" አለች።

"እነማን?" አለች አሰፋሽ።

ኤሌኒ አንዱን ከፈተችው። ውስጡ እርጥብ፣ ጥቁር ብስባሽ ነው። በጣቷ ገለጥ ስታደርገው ነጭ፣ የተጨማደደ፣ እንደ ሕፃን ክንድ የወፈረ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል። ቡናማ ራሱን ትንሽ ቀና አድርጎ አያቸውና ተመልሶ ተኛ።

አሰፋሽ ክዳኑን ከልጇ እጅ ነጥቃ ከደነችው። ጥሩወርቅ ግን በበሩ በኩል አንገቷን አስግጋለች። "ምንድን ነው እሱ፣ አሰፋሽ?"

"ዘር ነው" አለች አሰፋሽ፣ ቃሉ ከየት እንደመጣላት ሳታውቀው። "የውጭ አገር ምርጥ ዘር። አየር እንዳይነካው ነው።"

ሰዉ ቅር እያለው ከተበተነ በኋላ ኤሌኒ ነገሩን ለእናቷ አስረዳች። የምትሠራበት ቤት ልጅ ትልልቅ ጢንዚዛ የሚያረባ ጎረምሳ ነበር። ጢንዚዛዎቹ ከሩቅ አገር ደን የመጡ ናቸው፤ ሲያድጉ የሰው መዳፍ ይሞላሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ የገዛ አካላቸውን የሚያህል ቀንድ ያወጣሉ። ልጁ ጢንዚዛ መውደድ እንጂ ጢንዚዛ ማብላት አይወድም ነበርና አፈራቸውን የምትቀይረው፣ ሙዝ የምታጎርሳቸው፣ ቀዝቃዛውንና ሙቁን የምታመዛዝነው ኤሌኒ ነበረች። ልጁ ለትምህርት ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እናቱ ማዳም "እነዚህን ቆሻሻዎች ጣይልኝ" አለቻት። ኤሌኒ መጣል አልቻለችም። ሦስቱን ይዛ መጣች። ከሦስቱ ብዙ የምትበላውንና ከቦታዋ ንቅንቅ የማትለውን ማዳም ብላታለች።

"ልጄ" አለች አሰፋሽ ቀስ ብላ፣ "እዚህ አገር ትል ጠፍቶ ነው በአውሮፕላን ጭነሽ የምታመጪው?"

"ትል ሆነው አይቀሩም፣ እማ።"

"ለራስሽስ፣ ምን ይዘሽ መጣሽ?"

ኤሌኒ ዕቃዎቹን አየቻቸው።

የደብረ ታቦር ብርድ ለደን ፍጥረት አይሆንም። ኤሌኒ ሦስቱን ዕቃዎች ሣጥን ውስጥ ከታ፣ አምፖል አብርታላቸው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ ከእናቷ መደብር ባመጣችው ጀሪካን የሞቀ ውሃ እየሞላች በብርድ ልብስ ትጠቀልላቸው ጀመር። ምግባቸው የበሰበሰ እንጨት ነው። እንጨት መሸጫ ሄዳ ጥሩ ጥሩውን ወደ ጎን እየገፋች "ካልበሰበሰ አልፈልግም" ስትል ባለቤቱ የሚያሾፍብኝ ሰው ተላከብኝ ብሎ ተቆጣ። ወሬው አሰፋሽ ጆሮ ሲደርስ አፈረች። ልጇ ወንዶች ሊጠይቋት በሚገባ ዕድሜ ላይ ናት፤ እሷ ግን ያገኘችውን ሁሉ የምትጠይቀው ስለ ብስባሽ ነው።

በየካቲት ኤሌኒ ለጓደኛዋ አባት ለቅሶ ይፋግ ሄደች። የአሰፋሽ ታናሽ ወንድም ካሳሁን ከጉና በቅሎውን ድንች ጭኖ ገበያ የወረደው በዚያው ሰሞን ነው። ካሳሁን በጉና ብርድ ጥርሱን የነቀለ ገበሬ ነው፤ ስለ ዘር ከተነሣ መብል አያምረውም። ጭነቱ ገና ከበቅሎው ሳይራገፍ እኅቱ ቤት ገባ። ከኋላው ጥሩወርቅ ተከትላዋለች።

"እታለም፣ ለጎረቤት ያሳየሽውን ምርጥ ዘር ለወንድምሽ ትደብቂያለሽ?" አለ ቅር ብሎት።

አሰፋሽ ጥሩወርቅን አየቻት። ጥሩወርቅ መልሱን ለመስማት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አልደበቅሁም። አገሩን ይልመድ ብዬ ነው" አለች አሰፋሽ።

"ድንች ነው?"

"ድንች ነው አላልኩም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ሲወጣ ታየዋለህ።"

ካሳሁን ዓይኑ ቦዘዘ። እንዲህ ያለ ዘር አይቶ አያውቅም። አሰፋሽ ደግሞ አንዱን ብሰጠው ከሦስቱ አንዱን እገላገላለሁ፣ ጉና ላይ ቀዝቅዞ ይሞታል፣ ወሬውም አብሮ ይሞታል ብላ አሰበች። አንዱን ዕቃ አውጥታ ሰጠችው።

"ሙቀት ይወዳል። ፍግ ቆፍረህ ከነአፈሩ ገልብጠው። ስትገለብጠው ፊትህን አዙር፤ ዓይን አይወድም።"

ካሳሁን ዕቃውን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀብሎ ሄደ።

ኤሌኒ ስትመለስ አሰፋሽ "አንዱ ሞተብሽ፤ ጣልኩት" አለቻት። ልጅቱ ትቆጣለች ብላ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። ኤሌኒ ግን አልተቆጣችም። የባዶውን ዕቃ ቦታ በእጇ ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ ለአባቷ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

"ትል እኮ ነው፣ ኤሌንዬ" አለች አሰፋሽ፣ ድንጋጤ ይዟት።

"እማ፣ እዚያ ቤት ውስጥ በአማርኛ የማናግራቸው እነሱን ብቻ ነበር" አለች ኤሌኒ። "ክፍላቸው ሰው አይገባበትም። እዚያ ስሆን ማንም አይጮህብኝም ነበር።"

አሰፋሽ ልጇ በስልክ "ደኅና ነኝ" ስትላት ደኅና ናት ብላ ስታምን የኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ ፊቷ ድቅን አሉ። እውነቱን ልንገራት ብላ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጀሪካን አወራች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መብራት ሲጠፋ ውሃ የምታሞቀው እሷ ሆነች። አንዳንዴም ሰው አለመኖሩን አረጋግጣ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ትልና "እንዴት አደራችሁ?" ትላለች።

በክረምቱ መብራት ለቀናት ሲጠፋ ሁለተኛው ትል እውነትም ሞተ። ከጓሮ ቀበሩት። ማዳም ብቻ ቀረች። እሷም ከብስባሹ ሥር እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነ የጭቃ ቤት ሠርታ ተዘጋችና መብላቷን ተወች። መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን ጠዋት ሣጥኑ ውስጥ አንዳች ነገር ሲቧጥጥ ተሰማ። ኤሌኒ ክዳኑን ስትከፍት የእናቷን መዳፍ የምታህል፣ ጀርባዋ ቡናማ ጠጉር የለበሰ ጢንዚዛ እየተንገዳገደች ወጣች። ቀንድ የላትም።

"ሴት ናት" አለች ኤሌኒ። ደስታዋ ጎደሎ ነበር። "ብቻዋን ቀረች።"

ማዳምን ከቤት መሸሸግ አልተቻለም። ሞቅ ሲላት እንደ ወፍጮ እያጉረመረመች ትበራለች። አንድ ቀን መጋረጃ ላይ ተለጥፋ ሳለ ጥሩወርቅ አየቻት። ጥሩወርቅ ጮኸች፤ ቀጥላ ቀረብ ብላ አየች፤ ቀጥላ "ይኼ ነው ዘሩ?" ብላ ጠየቀች። ጥሩወርቅ ወሬ ይዛ መቀመጥ አትችልምና በሚቀጥለው ቅዳሜ ለገበያ የወረደው ካሳሁን ነገሩን ከነዝርዝሩ ሰማ። የሚገርመው እኅቱ ቤት ሳይገባ በቅሎውን አዙሮ ወደ ጉና መመለሱ ነው።

በጥቅምት ወር አንድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ አሰፋሽ ደጅ ቆሙ። ከፊት አያ ደሳለው የሚባሉ የጉና አገር ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው ቄስ ሀብታሙ፤ ሦስተኛው ከመንገዱ ድካም የተነሣ ትንፋሻቸው ብቻ የሚሰማ አዛውንት ናቸው። ጥሩወርቅ ከአጥሯ በላይ አየቻቸውና ሳትጠየቅ እልልታዋን ለቀቀችው።

አሰፋሽ ከውስጥ አየቻቸው። ለኤሌኒ ነው! ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። "ግቡ፣ አረፍ በሉ" አለቻቸው።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አያ ደሳለው፣ እንደ ወጉ።

"እንግዲያው ጉዳያችሁን ንገሩኝ።"

"ከጉና ነው የመጣነው። ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ነው።"

ኤሌኒ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች። ጥርሷን ነክሳለች። የማላውቀው ሰው ሽማግሌ ላከብኝ ብላ፣ ወጥታ እምቢ ለማለት ቃላት እየመረጠች ነው።

"ልጃችሁ ማን ነው?" አለች አሰፋሽ፣ እንዳልቸኮለች ሰው።

"ካሳሁን ቤት ያደገ ነው።"

"ወንድሜ መቼ የማደጎ ልጅ ያዘ?"

"ከፍግ ውስጥ ነው ያገኘው" አሉ ሦስተኛው አዛውንት።

አሰፋሽ አዘነች። የተጣለ ልጅ! ይሁን፤ የእግዚአብሔር ፍጡር ነው። "ሥራ ይችላል?"

"ጉልበቱ ለጉድ ነው። ገና አልተጠመደም እንጂ።"

"መልኩስ?"

"ጥቁር ነው፤ ሲያብረቀርቅ ፊት ያሳያል።"

"ጠባዩ?"

"ካልነኩት አይነካም።"

"ዕድሜው ምን ያህል ነው?"

አያ ደሳለው ወደ ቄሱ ዞር አሉ። "ከአፈር የወጣው በጳጉሜ አይደለም? ቀንዱ ግን የአዋቂ ነው።"

ከአጥሩ ወዲያ የጥሩወርቅ እልልታ ተቋረጠ።

"ማንን ነው የምትጠይቁት?" አለች አሰፋሽ ድምፅዋ ሰልሎ።

"ማዳምን" አሉ አያ ደሳለው። "እኛም ለዚህ ሽማግሌ አይላክም ብለን ነበር። ካሳሁን ግን 'የእኅቴ ቤት ነው፤ እንደ ተራ ሰው ገብቼ አልጠይቅም' አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንበል?"

ኤሌኒ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። "ካሳሁን አጎቴ ቀንድ ያለው ጢንዚዛ ከየት አመጣ?"

"እናትሽ አይደለች እንዴ የሰጠችው? በየካቲት፣ በፕላስቲክ ዕቃ።"

ኤሌኒ እናቷን አየቻት። አሰፋሽ ጣራውን አየች።

"ሞቷል ያልሽኝ?"

"ተቀብሯል" አለች አሰፋሽ። "በወግ ነው የተቀበረው።"

ልጅቱ ትጮሃለች ብለው ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ጠበቅ አደረጉ። ኤሌኒ ግን ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና "በሕይወት አለ?" አለች። ቀጥሎ ሳቀች። እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። አሰፋሽ ልጇ ከመጣች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ስላላየቻት፣ ለመቆጣት ይሁን ይቅርታ ለመጠየቅ ግራ ገብቷት ለሽማግሌዎቹ መቀመጫ አመጣች።

ጉዳዩ ያለቀ መስሎ ሳለ ቄስ ሀብታሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዝምድና የላቸውም?"

ኤሌኒ መዋሸት አልለመደባትም። "ከአንድ እናት ናቸው። እኅትና ወንድም ናቸው።"

ቄሱ ተነሡ። "እንግዲያማ አይሆንም! እኛ እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። እነዚህ ከአንድ ቤት እንኳ አልወጡም።"

"አባ፣ ጢንዚዛ ናቸው እኮ" አሉ አያ ደሳለው።

"ጢንዚዛ ከሆኑ እኔን ለምን ከጉና ድረስ አስወረዳችሁኝ? ሽምግልና ነው ብላችሁ ነው የጠራችሁኝ። ሽምግልና ከሆነ ሕጉ ሕግ ነው።"

አያ ደሳለው ብዙ ሞከሩ፤ ሦስተኛው አዛውንት በጎችን ምሳሌ አድርገው አነሡ፤ ቄሱ ለበግ ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል ወይ ብለው ዝም አሰኟቸው። በመጨረሻም ሽማግሌዎቹ ነገሩ ሳይሰምር፣ እህል ሳይቀምሱ ወጡ። በሩ ላይ አያ ደሳለው ወደ አሰፋሽ ጠጋ ብለው "ልጁ ግን እውነትም ጥሩ ልጅ ነው" አሏት።

በማግስቱ እናትና ልጅ ሚኒባስ እስከሚሄድበት ሄደው የቀረውን በእግራቸው ወጡ። የጉና ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ማዳም ከነዕቃዋ በአሰፋሽ ጡቶች መካከል፣ በነጠላና በሹራብ ተጠቅልላ ትሄዳለች። ኤሌኒ "እኔ ልያዛት" ብትል አሰፋሽ "አንቺ ቀዝቃዛ ነሽ" ብላ ከለከለቻት። ዳገቱን ስትወጣ ጢንዚዛዋ ልቧ ላይ ስትቧጥጣት ይሰማታል። ፈርታ ነበር፤ ጥቂት እንደሄደች ግን መቧጠጡ ሲቋረጥባት "ምነው ዝም አለች?" እያለች መቆም ጀመረች።

ካሳሁን በረቱ ውስጥ ነበር። ከጥጃዎቹ ጎን፣ ምሰሶው ሥር፣ ጥቁር ቀንዱ እንደ ማጭድ የቆለመመ ግዙፍ ጢንዚዛ በክር ታስሯል። ከኋላው አንድ የልጅ ጫማ በክር ተያይዞለት ይጎትታል።

"ስሙ ወይኖ ነው" አለ ካሳሁን፣ በኩራትና በኀፍረት መካከል ሆኖ። "ቀንበር ማላመድ ከታናሽነት ነው።"

ሲወጣ መንደሩ ሁሉ ጋኔን ነው ብሎ እንደነበር፣ ቄስ ሀብታሙ ጠበል ሲረጩት ጢንዚዛው ጠብታውን አንድ በአንድ እንደጠጣው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ክፉ እንዳልተናገረው፣ በየቀኑ ማር እንደሚያልሰው ተረከላቸው። ኤሌኒ ተንበርክካ ወይኖን በመዳፏ ላይ አወጣችው። ጥፍሮቹን ጣቷ ላይ ተከለ። የሚያውቃት መሰላት፤ ላያውቃትም ይችላል።

"በጣም ወፍሯል። ከእኔ ጋር ቢሆን እንዲህ አያድግም ነበር" አለች።

"የበረት ሙቀት ነው" አለ ካሳሁን። ልቡ ትንሽ ተመለሰ።

"አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እንዲህ ከሆኑ በኋላ የሚኖሩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነው።"

ካሳሁን የጥጃው ገመድ ላይ ቁጭ አለ። "ሳይጠመድ?" አለ። አሰፋሽም ወንድሟ ጎን ተቀመጠች፤ ሳታስበው እጇን ትከሻው ላይ አኖረች።

ይኼን ወሬ የሰሙት ቄስ ሀብታሙ ከሰዓት በኋላ መጡ። ነገሩ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ እንደነሣቸው ፊታቸው ይናገራል። በረቱ ደጃፍ ቆመው ፍርዳቸውን ሰጡ። "ጋብቻ አይሆንም። ጉርብትና ግን ማንም አይከለክልም። በጉርብትና ይኑሩ።"

ካሳሁን ወዲያው መጋዝና ሚስማር አመጣ። ሰፊ ሣጥን ሠርቶ መሐሉን በሳንቃ አጠረው፤ በአንዱ ወገን ማዳም፣ በሌላው ወይኖ ገቡ። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። ወይኖ ብስባሹን ትንሽ አሸተተ። ወደ ሳንቃው ሄደ። ቀንዱን ከሥሩ አስገብቶ አንድ ጊዜ ቀና ሲል ሳንቃው ከነሚስማሩ ተነቅሎ ወደ ጎን ወደቀ።

"አየሽ ጉልበቱን!" አለ ካሳሁን።

ቄስ ሀብታሙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። "እኔ ጥጃዎቹን ነው የማየው" አሉ። ሳንቃውን መልሶ የተከለው የለም።

ወይኖ በኅዳር መጨረሻ ሞተ። ካሳሁን በዚያ ቀን ሚስቱ ብትቆጣውም እርሻ አልወጣም። ማዳም ከእሱ በኋላ ጥቂት ሳምንት ከርማ ተከተለችው። ኤሌኒ ብስባሹን ስታገላብጥ ግን የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ እንቁላሎች አገኘች፤ ብዙ ናቸው። ደብረ ታቦር ከመብራት መጥፋት ጋር እየታገሉ ከመኖር ይልቅ ጥጃዎቹ ያለ ክፍያ የሚያሞቁት በረት ስለሚሻል፣ አጎቷ ቤት ከበረቱ ጋር የተያያዘች ጠባብ ክፍል አበጅታ ቀረች። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ወጣቶች አይተው፣ ፎቶ አንስተው፣ ብዙ ጥያቄ ጠይቀው ሄዱ። የመንደሩ ሰው የበሰበሰ ግንድ ሲያገኝ አይፈልጠውም፤ ለኤሌኒ ተሸክሞ ይመጣል። ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ብሏል፤ ከካሳሁን ጋር ስለ እርጥበት ትከራከራለች፤ አንዳንዴም ታሸንፈዋለች።

አሰፋሽ በየጊዜው ጀሪካን ጭና ወደ ጉና ትወጣለች። አዲሶቹ እጮች ገና እንደ ጣት ናቸው። መዳፏ ላይ አድርጋ ትመዝናቸዋለች፤ የከሳ ያየች እንደሆነ ከልጇ ጋር ትጣላለች።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የገጠር ሴት አሰፋሽ መደብር ቆማ ባልዲ ስታገላብጥ "ልጅሽ ከዐረብ አገር መጣች ሲሉ ሰማሁ። አሁን ምን ትሠራለች?" ብላ ጠየቀቻት። ጥሩወርቅ አጠገባቸው ነበረች፤ ጆሮዋን አቀናች።

"ጢንዚዛ ታረባለች" አለች አሰፋሽ።

ሴትዮዋ ባልዲውን አስቀመጠች። "ወተት አለው?"

"የለውም።"

"ሥጋውስ?"

"አይበላም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

አሰፋሽ አሰበች። "ይታያል" አለች።

ሴትዮዋ ራሷን እየነቀነቀች ነገሩን በሆዷ አመላለሰችው። ትልቁን ባልዲ መርጣ አነሣችና "እስኪ አንድ ቀን ውሰጂኝና ልየው" አለች።